በልብስ ስር ለመታጠቅ፦ የቱ ሽጉጥ፣ ከየትኛው አፎት ጋር?

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ፈቃድ አውጥተው በልብስ ስር ሽጉጥ ለመታጠቅ የወሰኑ ወገኖቻችን የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ሁሌም አንድ ነው፦ «ግሎክ ይሻለኛል ወይስ ሲግ?» ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ግን ሁለተኛ መምጣት ያለበት ነው። መጀመሪያ መታሰብ ያለበት አፎቱ፣ ሆልስተር የሚባለው ነው። ጥሩ ስም ካላቸው የዛሬ ሽጉጦች የትኛውንም ቢገዙ ብዙ አይጎዱም። መጥፎ አፎት ግን ወይ ሽጉጡን ቤት ያስቀምጥዎታል፣ ወይ ለሰው ሁሉ ያሳይብዎታል፣ ሲከፋም በራስዎ ጭን ላይ ያስባርቅብዎታል።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሱቅ ከመግባትዎ በፊት

ሕጉን በአጭሩ ላንሳ፤ እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው የቱንም ሽጉጥ ቢመርጥ ዋጋ የለውም። በፌደራል ሕግ ከፈቃድ ያለው ነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ መግዛት ቀርቶ መያዝም አይችልም። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ወይም በቲፒኤስ (በጊዜያዊ ከለላ) ያለ ሰው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክር ሱቅ ደጃፍ ባይደርስ ይሻለዋል፤ አንዲት የመሣሪያ ክስ የዓመታት የወረቀት ልፋትን ታጠፋለች።

ሱቁ ውስጥ የሚሞላው ቅጽ 4473 ይባላል። እዚያ ላይ የተከለከለ ዕፅ ተጠቃሚ መሆን አለመሆንዎ ይጠየቃል። የእኛ ሰው ይህን ሲያነብ ስለ ኮኬይን የተጠየቀ ይመስለዋል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ግን በፌደራሉ የዕፆች ዝርዝር አንደኛ መደብ ውስጥ የተቀመጠ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቅም ሰው ይህን አውቆ ይወስን፤ ቅጹ ላይ መዋሸት በራሱ ከባድ ወንጀል ነው። መግዛት ለማይችል ወንድም ወይም ጓደኛ በራስ ስም መግዛትም እንዲሁ ነው፤ በ2022 የወጣው ሕግ እስከ 15 ዓመት እስር ያስቀጣል። ይሉኝታ ይዞን እሺ የምንለው ነገር ስለሆነ ነው አስቀድሜ የምናገረው።

ፈቃዱ እንደየግዛቱ ይለያያል። ቨርጂኒያ ውስጥ ማመልከቻው የሚገባው ለሚኖሩበት ካውንቲ ወይም ከተማ ሰርኪት ፍርድ ቤት ሲሆን ፈቃዱ 5 ዓመት ያገለግላል፤ ሥልጠናውም በአካል የተወሰደ መሆን አለበት። ሜሪላንድ ውስጥ የሚሰጠው የግዛቱ ፖሊስ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያመለክት የ16 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። ቀድሞ ሜሪላንድና ዲሲ «ለምን አስፈለገህ?» ብለው በቂ ምክንያት ያስቀርቡ ነበር፤ የዲሲውን ፍርድ ቤት በ2017 ሻረው፣ የሜሪላንዱን ደግሞ በ2022 ሰኔ ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኒው ዮርክ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ አስቀረው። ይህ ማለት ግን ድንበሩ ተከፍቷል ማለት አይደለም። ሜሪላንድም ዲሲም የቨርጂኒያን ፈቃድ አይቀበሉም። አሌክሳንድሪያ የሚኖርና ዲሲ የሚሠራ ሰው ድልድዩን ከነሽጉጡ ከተሻገረ ወንጀል ፈጽሟል፣ በኪሱ ያለው የቨርጂኒያ ወረቀት አያድነውም።

ለኡበርና ለሊፍት ሾፌሮች ደግሞ ለይቼ ልንገራችሁ። ሁለቱም ኩባንያዎች ሾፌሩ በሥራ ላይ ሳለ መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላሉ። የግዛቱ ፈቃድ ቢኖርዎትም ከተደረሰበት አካውንትዎ ይዘጋል። የቤተሰብ ዳቦ በዚያ አካውንት ላይ ከሆነ ምርጫው ያለቀ ነው፤ መኪና ውስጥ ካሜራ ያስገጥሙ፣ ሽጉጡ ቤት ተቆልፎ ይቀመጥ። የፓርኪንግ፣ የሆቴልና የሆስፒታል ሠራተኞችም የመሥሪያ ቤታቸውን ደንብ ያንብቡ።

ሽጉጡ

አገር ቤት ሽጉጥ ሲባል የብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ማካሮቭ ነው። በማካሮቭ የለመደ እጅ ግሎክ ሲይዝ በአውራ ጣት የሚገፋውን ሴፍቲ ይፈልጋል፣ ያጣዋል። የግሎክ ሴፍቲ ምላጩ ላይና በውስጡ ነው። ምላጩ ካልተሳበ አይተኩስም፤ ከተሳበ ደግሞ የሳበው ጣት ይሁን የሸሚዝ ጫፍ አይለይም። የዚህ ጽሑፍ ግማሽ ስለ አፎት የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው ልዩነት ጥይቱ ነው፦ የማካሮቭ 9 በ18 ሲሆን እዚህ 9 ሚሊ ሜትር ሲባል 9 በ19 ማለት ነው። አንዱ የሌላውን ጥይት አይጎርስም።

ስለ ጥይት መጠን የሚደረገውን ረጅም ክርክር እዚህ አልከፍተውም። 9 በ19 ይግዙ። ልምምዱ ርካሽ ነው፣ እርግጫው ይቻላል፣ ኤፍቢአይ ራሱ ለዓመታት ከተጠቀመበት .40 ከሚባለው ጥይት ወደ 9 ሚሊ ሜትር ተመልሷል። ከዚህ የሚወጣበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ የእጅ አቅም። እሱን ወደ ኋላ አነሳዋለሁ።

አሁን ሱቅ ውስጥ መስታወቱ ስር ተደርድረው የሚያገኟቸውን እናወዳድር።

ግሎክ 19 ከ1988 ጀምሮ አለ፤ ካዝናው 15 ጥይት ይይዛል፣ አፈሙዙ 102 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አንድ ሽጉጥ ብቻ ይኑርህ ብባል የምመርጠው እሱን ነው፦ አይንቋሸሽም፣ መለዋወጫው የትም አለ፣ አፎት የሚሠራ ሰው ሁሉ ለእሱ ይሠራል። ችግሩ ውፍረቱ ነው፤ 34 ሚሊ ሜትር። ጃኬት ለሚለብስ ሰው ምንም አይደለም። በሐምሌ የዋሽንግተን ሙቀት በቲሸርት ለሚውል ቀጭን ሰው ግን ያስቸግራል።

ግሎክ 43ኤክስ በ2019 የወጣ ነው፦ 10 ጥይት፣ 28 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ከባዶ ካዝናው ጋር ግማሽ ኪሎ በጥቂት የሚበልጥ። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ የ43ኤክስ ቁመት ከ19 ጋር እኩል ነው፣ ሁለቱም 128 ሚሊ ሜትር። በልብስ ስር ሽጉጥን የሚያሳብቀው አፈሙዙ ሳይሆን እጀታው ነው፤ አፈሙዙ ሱሪ ውስጥ ይገባል፣ እጀታው ግን ከቀበቶ በላይ ሆኖ ሸሚዙን ይገፋል። ስለዚህ 43ኤክስ የሚያቀልልዎት ውፍረቱን እንጂ ቁመቱን አይደለም። ሰፊ እጅ ላለው ሰው ይህ ጥሩ ዜና ነው፣ ትንሿ ጣት ማረፊያ አታጣም።

ሲግ ሳወር ፒ365 በ2018 ሲወጣ ገበያውን የለወጠው እጀታውን አሳጥሮ 10 ጥይት ማስገባት ስለቻለ ነው። ቁመቱ 109 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ43ኤክስ ጋር ያለው ልዩነት የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ነው፣ ያቺ አንድ ጣት ግን በቀጭን ሸሚዝ ስር ትታወቃለች። በአንጻሩ ትንሿ ጣት አየር ላይ ትቀራለችና ሲተኮስ በእጅ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ይህ ለከበደው ረዘም ያለው ፒ365ኤክስኤል አለ፦ 12 ጥይት፣ 94 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ። ከሁሉም መካከል ለመካከለኛ ቁመናና ለመካከለኛ እጅ የምመክረው እሱን ነው።

የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ፕላስ በ2021 ወጣ፤ እንደ ካዝናው 10 ወይም 13 ጥይት ይይዛል። በአውራ ጣት የሚሠራ ሴፍቲ ያለውም የሌለውም ይሸጣል። ሴፍቲ ከሌለው እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ያለውን ይግዛ፣ እኔ አልከራከርም። ግን በልምምድ ጊዜ ሁሉ ሲመዝ ሴፍቲውን መልቀቅ ይልመድ፤ ያልለመደ ሰው በጭንቅ ጊዜ ይረሳዋል።

ካዝና ሲመርጡ የግዛትዎን ሕግ ይዩ። ሜሪላንድ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና እንዳይሸጥ የከለከለችው በ2013 ነው፤ ለሜሪላንድ ነዋሪ 43ኤክስና መሠረታዊው ፒ365 የሚመቹት ለዚህም ጭምር ነው።

ትንንሾቹን በተመለከተ አንድ ያየሁትን ላካፍል። የመጠጥ ሱቅ ያላቸው፣ በስድሳዎቹ ዕድሜ ያሉ አባት ሩገር ኤልሲፒን አንስተው «ልጄ፣ ይቺ ናት የኔዋ፤ ኪስ ውስጥ ትጠፋለች» አሉ። እውነት አላቸው፣ ክብደቷ 270 ግራም ገደማ ነው። «ጋሼ፣ እሺ፤ ግን ሳይተኩሱባት አይግዟት» ተባሉ። ተኩስ ሜዳው ያከራይ ስለነበር ተከራይተው ገቡ። አንድ ካዝና ጨርሰው ሁለተኛውን ሲጀምሩ የአውራ ጣታቸውን ስር ማሸት ጀመሩ። ቀላል ሽጉጥ እርግጫውን የሚያበርድበት ክብደት የለውም፤ .380 ጥይት ከ9 ሚሊ ቢያንስም በእንዲህ ያለ ቀላል አካል እጅን ይመታል። የሚያም ሽጉጥ ደግሞ ልምምድ ያስጠላል፤ ልምምድ የሌለው ታጣቂ ለራሱም ለመንገደኛውም አደጋ ነው።

እሳቸው በመጨረሻ የወሰዱት ሺልድ ኢዜድ ነው። የላይኛው ተንሸራታች ሳይታገሉ የሚሳብ፣ እጀታው ላይ በመዳፍ የሚጫን ሴፍቲ ያለው ነው። ሪህ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ላለበት፣ ማቀባበል ለሚከብደው ሰው ከእሱ የተሻለ አላውቅም። መጠኑ ተለቅ ስለሚል ደህና አፎት ይፈልጋል።

«ሪቮልቨርስ? ቀላል ነው አይደል?» ይባላል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 አምስት ጥይት .38 ስፔሻል ይይዛል፣ 400 ግራም በጥቂት የሚበልጥ ነው፣ መቀባበል የለበትም፣ መዶሻው ውስጥ ስለተሸፈነ ከኪስ ሲወጣ ጨርቅ አይይዝም። ምላጩ ግን ረጅምና ከባድ ነው፤ ከግሎክ ምላጭ እጥፍ ያህል ኃይል ይጠይቃል። በአጭር አፈሙዝ ዒላማ መምታት ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። ለጀማሪ ቀላል የሚመስለው ሽጉጥ በእውነቱ የለመደ ሰው ሽጉጥ ነው። ለባለቤትዎ «ትንሽ ስለሆነ ላንቺ ይሆናል» ብለው እንዳይገዙ። እሷው ትሂድ፣ እሷው ትያዘው፣ እሷው ትተኩሰው፤ የእጅ ልክ እንደ ጫማ ልክ የራስ ነው።

አፎቱ

ካይዴክስ በሙቀት የተቀረጸ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ለአንድ ሞዴል ብቻ ተለክቶ ስለሚሠራ ሽጉጡ ሲገባ ቀጭ ብሎ ይይዛል፣ ምላጩን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፣ ሽጉጡ ከወጣ በኋላም አፉ አይከደንም። ቆዳ ለገላ ይመቻል፣ ድምፅ የለውም፣ ሲያረጅ ግን ይለሰልሳል፤ የለሰለሰ ቆዳ ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽጉጡ ሲመለስ ምላጩን ሊስብ ይችላል። ቆዳ የሚወድ ሰው አፉ ላይ ማጠናከሪያ ያለውን ይግዛ፣ ሲላላም ይጣለው። ሦስተኛው ለሁሉም ሽጉጥ ይሆናል ተብሎ የሚሸጠው የጨርቅ ከረጢት ነው። ለሁሉም የሚሆን ለአንዱም አይሆንም። አይግዙት።

አፎት ቤት ሲገባ የሚፈተነው ባዶ ሽጉጥ ይዞ ነው፤ ጥይቱ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፣ ጎሬው (ጥይቱ የሚገባበት የአፈሙዙ መነሻ) ሁለት ጊዜ በዓይንም በጣትም ይታይ። ሽጉጡን ከነአፎቱ አልጋ ላይ ገልብጠው ይነቅንቁት፤ ከወደቀ መያዣውን ያጥብቁ ወይም ይመልሱት። ቀጥሎ ከውጭ በጣትዎ ምላጩ ባለበት ቦታ ላይ ጫን ይበሉ፤ ምላጩ ከተሰማዎት አፎቱ ዋጋ የለውም። ከዚያ ቀበቶዎ ላይ አስረው ሽጉጡን ደጋግመው ይምዘዙ፤ አፎቱ አብሮ ከወጣ መንጠቆው ደካማ ነው። ቀበቶውም ይታሰብ። የተለመደው ለስላሳ ቀበቶ ግማሽ ኪሎ ተሸክሞ ይጣመማል፤ ሽጉጡም ወደ ውጭ ያዘነብላል፣ ሸሚዙም ያብጣል። ውስጡ ጠንካራ የሆነ ቀበቶ ብዙ ሰው «ሽጉጡ ትልቅ ሆነብኝ» የሚለውን ችግር ይፈታል። በጀትዎ ጠባብ ከሆነ ከሽጉጡ ቀንሰው ለአፎቱ፣ ለቀበቶውና ለልምምድ ጥይት ይጨምሩ።

የሚታሰርበት ቦታ የሚወሰነው በቀኑ ውሎ ነው። ሱሪ ውስጥ፣ ከቀኝ ዳሌ ትንሽ ወደ ኋላ ማሰር ለቆመና ለሚራመድ ሰው ምቹ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ለሚውል እሱን እመርጣለሁ። ሲጎነበሱ ግን እጀታው ሸሚዙን ይወጥራል፤ ዕቃ ከታችኛው መደርደሪያ ሲያነሡ በጉልበት መንበርከክን ይልመዱ። ከፊት፣ ከእምብርት በስተቀኝ ማሰር በደንብ ይደበቃል፣ ፈጥኖ ይመዘዛል፣ ከጀርባ በሚመጣ ሰው እጅም አይገባም። የአፎቱ ጎን ላይ የምትወጣ ጥፍር መሰል ፕላስቲክ ቀበቶውን ተደግፋ እጀታውን ወደ ሆድ ታዞረዋለች፤ ያቺ ትንሽ ነገር ካለችው አፎት ጋር ግሎክ 19 እንኳ ይጠፋል። ዋጋው አፈሙዙ ወደ ብሽሽትና ወደ ጭን ደም ሥር መመልከቱ ነው። ቦርጭ ላለውም ሲቀመጥ ይወጋል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ሥልጠና ላልወሰደ ሰው ከፊት አልመክርም።

መኪና ነጂዎች ዳሌ ላይ ሲያስሩ የሚያጋጥማቸው የደህንነት ቀበቶው መቆለፊያ ነው፤ በቀኝ በኩል ስለሆነ እጀታው ላይ ይጋጫል፣ ሸሚዝም ይጠመድበታል። ለረጅም ጉዞ ከፊት ማሰር እዚህ ይበልጣል። ጀርባ መሐል፣ አከርካሪ ላይ ማሰር የሚያምር ይመስላል፤ በረዶ ላይ ተንሸራተው በጀርባ ቢወድቁ ብረቱ ላይ ነው የሚያርፉት፣ ይቅርብዎት። ቁርጭምጭሚት ለሁለተኛ ሽጉጥ ነው። ኪስ ለትንንሾቹ ይሆናል፣ ምላጭ በሚሸፍን የኪስ አፎት ብቻ፣ በዚያ ኪስ ቁልፍም ሳንቲምም ሳይገባ።

ቦርሳን በተመለከተ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። በታኅሣሥ 2014 አይዳሆ ግዛት፣ ሄይደን ከተማ፣ አንዲት እናት ገበያ ላይ ሳሉ የሁለት ዓመት ልጃቸው ከቦርሳቸው ሽጉጥ አውጥቶ ተኮሰ፤ እናትየው ሞቱ። ፈቃድ ነበራቸው፣ ቦርሳውም ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ኪስ ነበረው። ቦርሳ ከእጅ ይወርዳል፣ ወንበር ላይ ይቀራል፣ ልጅ ይከፍተዋል። እህቶቼ፣ ልብሱ ቀበቶ የማይቀበል ከሆነ በወገብ የሚጠመጠም ሰፊ መቀነት የሚመስል መያዣ አለ፤ ምላጩ ላይ ጠንካራ ካይዴክስ የተሰፋበትን ብቻ ይግዙ። ሐበሻ ቀሚስ የተለበሰ ቀን ግን ሽጉጡ ቤት ይደር።

ተቀባብሎ ይያዝ?

ይህ ከባዱ ጥያቄ ነው። አብዛኞቹ አሠልጣኞች ተቀባብሎ ካልተያዘ በጭንቅ ሰዓት ለማቀባበል ጊዜም ሁለተኛ እጅም አይገኝም ይላሉ፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። ነገር ግን ይህ የሚሆነው ምላጩን በሚሸፍን ጥሩ አፎትና ከሥልጠና በኋላ ነው። እስከዚያው ቤት ውስጥ በባዶ ሽጉጥ መምዘዝና መመለስን ይለማመዱ። መመለሱ ነው አደገኛው። ለመምዘዝ የሚያስቸኩል ነገር ሊኖር ይችላል፣ ለመመለስ ግን የለም። ሸሚዙን በግራ እጅ ወደ ደረት ሰብስበው ይያዙ፣ አፎቱን በዓይን ይዩ፣ ጣትዎ ከምላጩ ርቆ በጎን ተዘርግቶ ይሁን፣ በቀስታ ያስገቡ። የጃኬት ወገብ ማጥበቂያ ገመድ ጫፉ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ቁልፍ ምላጭ ቀለበት ውስጥ ገብታ ታስባርቃለች፤ ገመዱን ከጃኬትዎ መዝዘው ያውጡት። የሚገባ መስሎ እንቅ ካለ አይግፉ፤ ያውጡትና ምን እንደያዘው ይዩ። በቀን ውስጥ ሽጉጡን ለብቻው እያወጡ እየመለሱ አይነካኩት፤ ማታ ሲያወልቁ ከነአፎቱ ያውልቁ።

ለመያዣ የሚሆነው ጥይት ጫፉ የተቦረቦረው፣ ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚከፈተው ነው፤ ሙሉ ጫፍ ያለው ግድግዳም ሰውም አልፎ ሌላ ሰው ሊመታ ይችላል። ኒው ጀርዚ በዚህ ጥይት ላይ ገደብ ስላላት ለቤተሰብ ጥየቃ የሚሄዱ ያረጋግጡ። የመረጡት ጥይት በራስዎ ሽጉጥ ሳይነክስ መሥራቱን ተኩሰው ሳያዩ አይታጠቁት።

ከወገብ ሲወርድ

ቨርጂኒያ ውስጥ መጠጥ በሚሸጥ ምግብ ቤት በልብስ ስር የታጠቀ ባለ ፈቃድ አልኮል መቅመስ አይችልም። አንድ ቢራም አንድ ጠጅም ያው ነው። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ያለ አስተዳደሩ ግልጽ ፈቃድ ይዘው አይግቡ፤ ስግደት ላይ ወገብ ይከፈታል፣ አጠገብዎ ሕፃናት አሉ።

ስለዚህ የሚቆለፍ ትንሽ የብረት ሳጥን ከሽጉጡ ጋር በአንድ ቀን ይገዛል፦ አንዱ ለቤት፣ አንዱ በብረት ገመድ ከመኪናው ወንበር እግር ጋር የሚታሰር። ዳሽቦርድ መቆለፊያ አይደለም። ፍራሽ ስርም፣ ቁም ሣጥን ላይም አይደለም፤ ልጆቻችን ከረሜላ የደበቅንበትን የሚያገኙት እዚያው ነው።

ለተኩስ ልምምድ የሚይዙትን ቦርሳ ደግሞ ለጉዞ አይጠቀሙበት። ከስፌቱ ስር የቀረች አንዲት ጥይት ደለስ ኤርፖርት ፍተሻ ላይ ብትገኝ ጣጣ ናት፤ ሳትታይ አልፋ ቦሌ ላይ ብትገኝ ደግሞ በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) የምታስጠይቅ ናት። ለተኩስ ሜዳ የራሱ ቦርሳ ይኑረው፣ ቀለሙም ከሻንጣዎ የተለየ ይሁን።